ወቅቶችንና ግርዶሽን በአምፖል፣ በሎሚና በሽንብራ ማሳየት፦ ባሕር ዳር ላይ የሚሠራ ዝርዝር መመሪያ

ይህ መመሪያ ለመምህራን፣ ለወላጆችና ለሳይንስ ክበብ ልጆች ነው። አምፖልና ብርቱካን ይዞ ወቅቶችን ለማሳየት የተነሳ ሰው ብዙ ጊዜ ሁለት ቦታ ላይ ይሰናከላል። መጀመሪያ ምድርን በፀሐይ ዙሪያ ሲያዞር ምድር ያዘነበለችበት አቅጣጫም አብሮ ይዞርበታል። ያኔ ወቅት የሚባል ነገር ይጠፋል። ቀጥሎ ጨረቃን ሲያዞር በየወሩ ግርዶሽ ይሆንበታል። ልጆቹ "ታዲያ ለምን በየወሩ አናይም?" ብለው ሲጠይቁ መልስ ያጣል።

የሁለቱም ምንጭ አንድ ነው። ምድር 23 ተኩል ዲግሪ ያህል ዘንበል ብላለች። የጨረቃ መንገድም ከምድር መንገድ 5 ዲግሪ ያህል ዘንበል ብሏል። ሁለቱም ፀሐይን ለማየት ፊታቸውን አያዞሩም፤ ወዳዘነበሉበት አቅጣጫ ይቆያሉ። እጃችሁ ይህን ከጠበቀ ሌላው ቀላል ነው።

ሌላም ጣጣ አለ። ኢንተርኔት ላይ የምታገኙት አብዛኛው መመሪያ ለአውሮፓ ወይም ለአሜሪካ የተሠራ ነው። ቁጥሩም፣ የጥላው አቅጣጫም እዚህ አይሠራም። ከታች ያሉት ቁጥሮች ለባሕር ዳር የተሰሉ ናቸው።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- 1 ሜትር የሆነ ቀጥ ያለ እንጨት፣ ክብደት የታሰረበት ክር ወይም የግንበኛ ቱንቢ፣ ሜትር፣ ጠመኔ
- ክዳን የሌለው ኤልኢዲ አምፖል ከነገመዱ
- አንድ ብርቱካን፣ ሁለት ረጅም ቀጥ ያሉ ሽቦዎች (ከአሮጌ ብስክሌት ጎማ የወጣ ይበቃል)፣ ሦስት ስፒል
- አሸዋ የተሞላ የቡና ጣሳ
- 3 ሴንቲሜትር ወርድ ያላት ትንሽ ሎሚ፣ 8 ሚሊሜትር ገደማ የሆነች ደረቅ ሽንብራ
- አንድ ሜትር ከሃያ የሚሆን ቀጭን ጣውላ፣ ሁለት ረጅም ሚስማር
- ያረጀ ወንፊት ጠርዝ ወይም በክብ የታጠፈ ወፍራም ሽቦ፣ ሁለት ቀይ ክሮች
- ካርቶን፣ የአሉሚኒየም ፎይል፣ ነጭ ወረቀት

ሎሚዋን በሜትር ለክታችሁ ምረጡ። ሽንብራዋን ውኃ ውስጥ አትዘፍዝፏት፤ ታብጣለች፤ ልኬቱ ይበላሻል። ዋናው ነገር የሎሚዋ ወርድ የሽንብራዋን 3.7 እጥፍ ያህል መሆኑ ነው። ምድርና ጨረቃም እንደዚያው ናቸው።

ደረጃ 1፦ እውነተኛውን ቀትር ያዙ

ብዙ ሰው ልክ 6 ሰዓት ላይ ወጥቶ ጥላ ይለካል። ስህተቱ እዚህ ይጀምራል። የአገራችን ሰዓት የተቀናው በ45 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ነው። ያ መስመር በሶማሌ ክልል በኩል ያልፋል። ባሕር ዳር ግን 37.4 ዲግሪ ላይ ናት። ለአንድ ዲግሪ 4 ደቂቃ አስቡ። ስለዚህ ፀሐይ ከሰማያችን ጫፍ የምትደርሰው በአማካይ 6 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። በዚያ ላይ በዓመቱ ውስጥ ወዲህና ወዲያ ይላል። በጥቅምት መጨረሻ 6፡14 ገደማ ይሆናል፤ በየካቲት መጀመሪያ 6፡45 ገደማ ይደርሳል።

በሰዓት ከመታመን በጥላው መታመን ይሻላል። እንዲህ አድርጉ፦

1. ደልዳላና ደረቅ ቦታ ምረጡ። የትምህርት ቤት ሜዳ ወይም ሲሚንቶ ጥሩ ነው። የሐይቁ ዳር ጭቃ እንጨቱን ያዘምመዋል፤ ዛፎቹም ጥላችሁን ይበሉባችኋል።
2. እንጨቱን ትከሉ። በቱንቢ በሁለት ጎን አረጋግጡ። 2 ዲግሪ ቢዘምም ጥላችሁ ከ3 ሴንቲሜትር በላይ ይሳሳታል።
3. ጠዋት 4 ሰዓት ገደማ የጥላውን ጫፍ ምልክት አድርጉ። እንጨቱን መሐል አድርጋችሁ በዚያ ርዝመት ክብ በጠመኔ አስምሩ።
4. ከሰዓት በኋላ ጥላው ረዝሞ ያንኑ ክብ ሲነካ ሁለተኛ ምልክት አድርጉ። 9 ሰዓት ገደማ ይሆናል። ቀድማችሁ ቁሙ።
5. ሁለቱን ምልክቶች በመስመር አገናኙ። የመስመሩን እኩሌታ ከእንጨቱ ሥር ጋር አገናኙ። ይህ ሁለተኛው መስመር ሰሜንና ደቡብ ነው።

በማግሥቱ ጥላው በዚያ መስመር ላይ ሲተኛ ቀትር ነው።

ካልሠራ፦ ከሰዓት ደመና ከመጣ የጠዋቱን ምልክት አትደምስሱ፤ ግን በሌላ ቀን ከተለካ የከሰዓት ምልክት ጋር አታዳቅሉት። የስልክ ኮምፓስ ለመፈተሻ ይሆናል። አርማታ ብረት ያለበት ወለል ላይ ግን ይዋሻል።

ደረጃ 2፦ የቀትሩን ጥላ ለኩ

ከ1 ሜትር እንጨት የሚጠበቀው ጥላ ይህ ነው። ቀኑ እንደየዓመቱ በአንድ ቀን ሊዛነፍ ይችላል።

- ታኅሣሥ 12፦ 70 ሴንቲሜትር፣ ወደ ሰሜን
- መጋቢት 11፦ 20 ሴንቲሜትር ተኩል ገደማ፣ ወደ ሰሜን
- ሚያዝያ 12 ገደማ፦ ጥላ የለም፤ ፀሐይ ከአናት በላይ ናት
- ሰኔ 14፦ 21 ሴንቲሜትር፣ ወደ ደቡብ
- ነሐሴ 16 ወይም 17፦ እንደገና ጥላ የለም
- መስከረም 12 ወይም 13፦ 20 ሴንቲሜትር ተኩል ገደማ፣ ወደ ሰሜን

ባሕር ዳር ላይ ጣና በስተሰሜን ነው። ስለዚህ በታኅሣሥ ቀትር ጥላው ወደ ሐይቁ ያመለክታል። በሰኔ ጀርባውን ለሐይቁ ይሰጣል። ልጆች ይህን አንዴ በዓይናቸው ካዩ አይረሱትም። ጎርጎራ ላይ ከሆናችሁ ነገሩ ይገለበጣል፤ ሐይቁ ያለው በስተደቡብ ነውና። የጥላው ርዝመት ግን የሚለያየው በአንድና ሁለት ሴንቲሜትር ብቻ ነው።

የፍልሰታ ጾም የሚፈታበት ነሐሴ 16 ጥላ አልባ ቀን ቢሆንም ደመናው አያሳያችሁም። ጥላ አልባውን ቀን ለማየት ሚያዝያን ያዙ። ከሚያዝያ 10 እስከ 14 በየቀኑ ቀትር ላይ ውጡ።

ካልሠራ፦ ቁጥራችሁ ከላይ ካለው በ1 ወይም 2 ሴንቲሜትር ቢለይ ችግር የለም። በ5 ከተለየ እንጨቱ ዘሟል ወይም ቀትር አልፏል። በሰኔ ጥላው ወደ ሰሜን ከወደቀ ደግሞ ሰሜንና ደቡብን አምታታችኋል።

ደረጃ 3፦ ምድርን አዘንብላችሁ ትከሉ

1. ሽቦውን በብርቱካኑ መሐል አሳልፉ። ይህ የምድር ዛቢያ ነው። በመሐል ዙሪያዋን በእስክሪብቶ አስምሩ፤ ይህ የምድር ወገብ ነው።
2. ባሕር ዳርን በስፒል ምልክት አድርጉ። ከምድር ወገብ እስከ ሰሜን ዋልታ ያለውን ስምንት ቦታ ከፍላችሁ የመጀመሪያው ክፍል መጨረሻ ላይ ትሆናለች። ሁለተኛውን ስፒል በወገቡና በሰሜን ዋልታ እኩሌታ ላይ ትከሉ፤ አውሮፓ ይሁን። ሦስተኛውን በደቡብ በኩል በዚያው ርቀት። የስፒሉ ጭንቅላት ከልጣጩ ሁለት ሴንቲሜትር ያህል ወጥቶ ይቁም።
3. ዘንበሉን ለኩ። ፕሮትራክተር ከሌለ የወረቀት ማዕዘን ሁለት ጊዜ እኩል እጠፉ። 22 ተኩል ዲግሪ ይወጣችኋል። አንዷ ዲግሪ አታጣላም።
4. ሽቦውን በዚያ ዘንበል አሸዋው ጣሳ ውስጥ አጽኑት።
5. በጣሳው ላይ ሽቦው ያዘነበለበትን አቅጣጫ የሚያሳይ ቀስት ሳሉ። ይህችን ቀስት አትዝለሏት። ደረጃ 4 የሚያርፈው በእሷ ላይ ነው።

ደረጃ 4፦ ጣሳውን አዙሩ፣ ቀስቱን አታዙሩ

አምፖሉን ወለል መሐል በብርቱካኑ ልክ ከፍ አድርጋችሁ አቁሙ። ክፍሉን አጨልሙ። ከአምፖሉ 1 ሜትር ርቀት ላይ ክብ አስምሩ። ከዚያ ካቀረባችሁት ብርሃኑ እየተበተነ የስፒሉን ጥላ ያበላሻል።

አሁን አንድ ግድግዳ ምረጡ፤ የበሩ ይሁን። ቀስቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ወደ በሩ ግድግዳ ይመልከት።

1. ከበሩ በጣም የራቀውን የክቡን ቦታ "ሰኔ" ብላችሁ ጻፉ። አምፖሉ በብርቱካኑና በበሩ መካከል ይሆናል። የሰሜን ዋልታ ወደ አምፖሉ አዘንብሏል።
2. ከላይ ሲታይ ከሰዓት ቆጣሪ አቅጣጫ በተቃራኒ ሩብ ክብ ሂዱ። "መስከረም" ብላችሁ ጻፉ።
3. ሌላ ሩብ። ይህ "ታኅሣሥ" ነው። ብርቱካኑ አሁን በአምፖሉና በበሩ መካከል ነው። የሰሜን ዋልታ ከብርሃኑ ሸሽቷል።
4. ሌላ ሩብ። "መጋቢት"።

በየቦታው ብርቱካኑን በሽቦው ላይ ቀስ ብላችሁ አሽከርክሩ። የባሕር ዳር ስፒል ፊት ለፊት ከአምፖሉ ሲገጥም ቀትር ነው። የስፒሉን ጥላ እዩ። በሰኔ አጭር ሆኖ ወደ ደቡብ ይወድቃል። በታኅሣሥ ረዝሞ ወደ ሰሜን። በደረጃ 2 በሜዳው ላይ የለካችሁት ራሱ ነው። ይህ ከተገናኘላችሁ ሞዴላችሁ ትክክል ነው።

ከዚያ የቀኑን ርዝመት ተመልከቱ። በሰኔ የአውሮፓው ስፒል ከጨለማው ይልቅ ብርሃኑ ውስጥ ብዙ ይቆያል። የባሕር ዳሩ ልዩነት ትንሽ ነው። በእውነቱም በሰኔ ቀናችን 12 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ገደማ ነው፤ በታኅሣሥ 11 ሰዓት ተኩል ገደማ። እኛ ወቅትን በቀን ርዝመት የማንለየው ለዚህ ነው።

ካልሠራ፦ በአራቱም ቦታ የሰሜን ዋልታ ብርሃን ካገኘ ቀስታችሁ ዞሯል። ሰው ጣሳ ይዞ በክብ ሲሄድ ሰውነቱ አብሮ ይዞራል፤ ሳያስበው ጣሳውንም ያዞራል። መፍትሔው ሁለት ሰው ማድረግ ነው። አንዱ ጣሳውን ወለሉ ላይ ይግፋ። ሌላው በሩ ጋ ቆሞ ቀስቷን ብቻ ይመልከትና "ዞረብህ!" ይበል።

መብራት ቢጠፋ፦ የስልክ ባትሪ ይሠራል፤ ግን የሚያበራው በአንድ አቅጣጫ ነው። ስልኩን መሐል አድርጋችሁ ወደ ብርቱካኑ እየመለሳችሁ አብሩ።

ዛቢያው በእውነት የሚያመለክተው ወዴት ነው? ወደ ሰሜን ኮከብ አካባቢ። ጥርት ባለ ሌሊት ባሕር ዳር ላይ ሆናችሁ ወደ ሐይቁ ዙሩ። እጃችሁን ዘርግታችሁ አንድ ጭብጥ ከአድማሱ በላይ ለኩ። ከዚያ ትንሽ ከፍ ብሎ ታገኙታላችሁ። ደማቅ ኮከብ አትጠብቁ፤ መካከለኛ ነው።

ደረጃ 5፦ ክረምትን በትክክል አስረዱ

ይህ ደረጃ ዕቃ አይፈልግም። ጥንቃቄ ግን ይፈልጋል። "ክረምት የሚበርደው ምድር ከፀሐይ ስለምትርቅ ነው" የሚል መልስ ትሰማላችሁ። እኛ አገር ይህ ስህተት እውነት መስሎ ይታያል። ምድር ከፀሐይ በጣም የምትርቀው በእርግጥ በሰኔ መጨረሻ ነው፤ 152 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል። በጣም የምትቀርበው በታኅሣሥ መጨረሻ ነው፤ 147 ሚሊዮን ገደማ። ብልህ ተማሪ ይህን ፈልጎ አግኝቶ "ይኸው!" ይላችኋል። ተዘጋጁ።

በዚህ ቅደም ተከተል መልሱለት፦

1. ልዩነቱ 3 በመቶ ብቻ ነው።
2. ርቀት ቢሆን ኖሮ መላው ዓለም በአንድ ጊዜ ይበርደው ነበር። በሐምሌ ግን አውሮፓ ሙቀት ላይ ናት፤ ደቡብ አፍሪካ ብርድ ላይ።
3. በሰኔ የቀትር ጥላችንን ለክተናል። 21 ሴንቲሜትር ነው። በታኅሣሥ 70። በክረምት ፀሐይ ከአናታችን ብዙም አትርቅም ማለት ነው።

ታዲያ ለምን ይበርዳል? ፀሐይ በአናት የምታልፍበት ቦታ ወደ ሰሜን ሲሄድ፣ አየሩ በብዛት የሚሞቅበትና ወደ ላይ የሚነሳበት ቀበቶ ይከተለዋል። ያ ቀበቶ ከደቡብ ምዕራብ በኩል እርጥብ ነፋስ ይስባል። ነፋሱ ከደጋችን ጋር ሲጋጭ ይወጣል፣ ይቀዘቅዛል፣ ይዘንባል። የክረምቱ ብርድ ከደመናና ከዝናብ የመጣ ነው። ባሕር ዳር በጣም የሚሞቀው ደመናው ሳይመጣ፣ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ መሆኑን ልጆቹ ራሳቸው ያውቃሉ። ከራሳቸው አፍ አውጡት።

ደረጃ 6፦ የጨረቃን መጉደል ከግርዶሽ ለዩ

አጭር ናት፤ ግን አትለፏት። "ጨረቃ የምትጎድለው የምድር ጥላ ሲያርፍባት ነው" የሚል ተማሪ ደረጃ 7 አይገባውም።

የቴኒስ ኳስ የሚያህል ነጭ ኳስ በእርሳስ ጫፍ ሰክታችሁ ያዙ። ጭንቅላታችሁ ምድር ነው። ከአምፖሉ ፊት ቆማችሁ ኳሱን በተዘረጋ እጅ ከራሳችሁ ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ ወደ ግራ ዙሩ። ኳሱ ሲሞላና ሲጎድል ታያላችሁ። የጭንቅላታችሁ ጥላ ግን አልነካውም። ጎደለ የምንለው ብርሃን የማያገኘው የራሱ ጀርባ ነው።

ማረጋገጫ ከፈለጋችሁ ጨረቃ እየሞላች ሄዳ ግማሽ በሆነችበት ቀን ከሰዓት በኋላ ውጡ። ፀሐይም ጨረቃም ሰማይ ላይ ናቸው። ምድር በመካከላቸው አልገባችም፤ ጨረቃ ግን ግማሽ ናት።

ደረጃ 7፦ ሎሚና ሽንብራ በእውነተኛ ፀሐይ

ከሁሉም የምወደው ደረጃ ይህ ነው። አምፖሉን ትታችሁ ሜዳ ውጡ።

ማስጠንቀቂያ፦ በዚህ ደረጃ ማንም ፀሐይን ቀና ብሎ አያይም። ጀርባ ለፀሐይ፣ ዓይን ወደ ጥላው።

1. ጣውላው ላይ ሁለቱን ሚስማሮች በ90 ሴንቲሜትር ርቀት ምቱ። ሎሚዋን በአንዱ፣ ሽንብራዋን በሌላው ጫፍ ትከሉ። ቁመታቸው እኩል ይሁን። ሽንብራዋ እንዳትሰነጠቅ ሚስማሩ ላይ በማስቲካ ወይም በሙጫ አጣብቋት።
2. ጠዋት 3 ሰዓት ገደማ ሥሩ። ፀሐይ ከአናት ስትሆን ጣውላውን ቀጥ አድርጎ መያዝ ይከብዳል።
3. የፀሐይ ግርዶሽ፦ ሽንብራዋን ወደ ፀሐይ አድርጉ። የሽንብራዋ ጥላ ሎሚዋ ላይ እስኪያርፍ ጣውላውን አንቀሳቅሱ። የምታዩት ደብዘዝ ያለ ጠርዝ ያለው ትንሽ ነጥብ ነው። ከነጥቡ ውጭ ያለው የሎሚዋ ፊት ብርሃን ነው። ሙሉ የፀሐይ ግርዶሽ ለጥቂት ቦታ ብቻ የሚታየው ለዚህ ነው።
4. የጨረቃ ግርዶሽ፦ ጣውላውን ገልብጡ። ሎሚዋ ወደ ፀሐይ፣ ሽንብራዋ ከኋላ። የሎሚዋ ጥላ ሽንብራዋ ጋ ሲደርስ 2 ሴንቲሜትር ያህል ወርድ አለው። ሽንብራዋን በሙሉ ይውጣታል። ይህን ጨረቃ የወጣችለት የምድር ግማሽ ሁሉ ያየዋል።

አሁን ርቀቱን ለውጡ። በመጠናችን የጨረቃ ርቀት በእውነቱ ከ84 እስከ 96 ሴንቲሜትር ይለዋወጣል። ሽንብራዋን ወደ 84 አቅርቧት፤ ነጥቡ መሐል ይጠቁራል። ይህ ሙሉ ግርዶሽ ነው። ወደ 96 አርቋት፤ ጥቁሩ እምብርት ይጠፋል። ጨረቃ ስትርቅ ፀሐይን ሙሉ ለሙሉ መሸፈን ያቅታታል፤ ዙሪያዋ የብርሃን ቀለበት ይቀራል። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ላሊበላ ላይ የታየው ቀለበታማ ግርዶሽ እንዲህ ያለው ነበር።

ነጥቡን ሎሚዋ ላይ ለማሳረፍ ከተቸገራችሁ ደስ ይበላችሁ። በሰማይም እንደዚያው ከባድ ነው። ሲያርፍ ግን ከዓይን ያመልጣልና ሎሚዋን በነጭ ወረቀት ሸፍኑ።

ደረጃ 8፦ በየወሩ የማይሆንበትን ምክንያት አሳዩ

መጀመሪያ በጣውላው። የጨረቃ መንገድ 5 ዲግሪ ያህል ስላዘነበለ በ90 ሴንቲሜትር ርቀት ሽንብራዋ እስከ 8 ሴንቲሜትር ከፍ ወይም ዝቅ ትላለች። ሽንብራዋን በ8 ሴንቲሜትር ከፍ አድርጉና ደረጃ 7ን ድገሙ። ጥላዋ ከ3 ሴንቲሜትሯ ሎሚ በላይ አልፎ ይሄዳል። አብዛኛው ወር እንዲህ ነው።

ታዲያ የሚገናኙት መቼ ነው? ወደ አምፖሉ ተመለሱ።

1. የወንፊቱን ጠርዝ በብርቱካኑ ዙሪያ ትንሽ አዘንብላችሁ አቁሙ። ይህ የጨረቃ መንገድ ነው። ለዓይን እንዲታይ ከ5 ዲግሪ በላይ ብታዘነብሉት ግድ የለም፤ ለልጆቹ ግን ንገሯቸው።
2. ጠርዙ በብርቱካኑ መሐል ከፍታ የሚያልፍባቸው ሁለት ነጥቦች አሉ። ቀይ ክር እሰሩባቸው።
3. በክቡ ላይ ዙሩ። ቀይ ክሮቹ፣ እንደ ቀስቷ ሁሉ፣ አቅጣጫቸውን አይለውጡ።
4. ሁለቱን ክሮች የሚያገናኘው መስመር ወደ አምፖሉ የሚያመለክትባቸውን ቦታዎች ቁጠሩ። በዓመት ሁለት ብቻ ናቸው። ያኔ ጨረቃ አዲስ ወይም ሙሉ ስትሆን ግርዶሽ ይሆናል።

ምሳሌ ይኸው። ጥር 29 ቀን 2019 ዓ.ም. ደቡብ አሜሪካንና ምዕራብ አፍሪካን የሚያቋርጥ ቀለበታማ ግርዶሽ አለ። ቀጣዩ የፀሐይ ግርዶሽ ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. ነው። በመካከላቸው ግማሽ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ቀን ይቀረዋል። ክሮቹ በእውነቱ ቀስ እያሉ ወደ ኋላ ስለሚዞሩ (አንድ ዙር 18.6 ዓመት ይፈጅባቸዋል) የግርዶሽ ወቅት በየ173 ቀኑ ገደማ ይመጣል። ግርዶሽ እንደ በዓል ቀን ቆርጦ የማይቀመጠው ለዚህ ነው።

በጨረቃ ወር የሚቆጥር ሙስሊም ተማሪ ካላችሁ ይህን ጠይቁት፦ የጨረቃ ግርዶሽ በወሩ ስንተኛ ቀን ይሆናል? በ14 ገደማ፤ ጨረቃ ሙሉ ናትና። የፀሐይ ግርዶሽስ? በወሩ መለወጫ።

ካልሠራ፦ ክሮቹ በአራቱም ቦታ ወደ አምፖሉ ካመለከቱ ያው የደረጃ 4 በሽታ ነው። በሩ ጋ ያለውን ሰው ጥሩት።

ደረጃ 9፦ እውነተኛው ሲመጣ

ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. የጨረቃ ጥላ ከአትላንቲክ ውቅያኖስ ተነስቶ በስፔን ደቡባዊ ጫፍ፣ በሰሜን አፍሪካ፣ በግብፅ፣ በሳዑዲ ዓረቢያና በየመን በኩል ያልፋል። ሉክሶር አካባቢ ጨለማው ከ6 ደቂቃ በላይ ይቆያል። ባሕር ዳር ላይ የሚታየው ከፊል ግርዶሽ ነው፤ ከቀኑ 6 እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ። ከፊል ስለሆነ ዓይንን ከፍቶ ማየት የሚቻልበት አንድ ሴኮንድ እንኳ የለም።

እነዚህን አትጠቀሙ፦ የፀሐይ መነጽር፣ የራጅ ፊልም፣ ሲዲ፣ በጭስ የጠቆረ መስታወት፣ በሳፋ ውኃ ወይም በሐይቁ ላይ የሚታይ ነጸብራቅ። የሳፋው ውኃ ብዙ ሰው ይታለልበታል። ብርሃኑ የቀነሰ ይመስላል፤ ዓይንን ለመጉዳት ግን ይበቃል። ጉዳቱ ሲደርስ አያምም፤ የሚታወቀው በኋላ ነው። በቢኖኩላር ወይም በቴሌስኮፕ ያለ ልዩ ማጣሪያ ማየት ደግሞ በአንዴ ያሳውራል። የግርዶሽ መነጽር ካገኛችሁ አይኤስኦ 12312-2 የሚል ይኑረው። ጭረት ወይም ቀዳዳ ካለው ጣሉት።

አስተማማኙ ይህ ነው፦

1. ካርቶኑ ላይ የእጅ መዳፍ የሚያህል መስኮት ቁረጡ። በፎይል ሸፍኑት። ፎይሉን በስፒል ብሱት፤ ቀዳዳው 1 ወይም 2 ሚሊሜትር፣ ጠርዙ የጠራ ይሁን።
2. በዚያ ሰዓት ፀሐይ ከአናት ብዙ አትርቅም። ስለዚህ ነጩን ወረቀት መሬት አድርጉት። የሐምሌ መሬት እርጥብ ነውና ትሪ ላይ አኑሩት።
3. ካርቶኑን ከወረቀቱ 1 ሜትር ከፍ አድርጋችሁ ያዙ። 9 ሚሊሜትር ወርድ ያላት የፀሐይ ምስል ታርፋለች። በአንድ በኩል የተነከሰች ሆና ታያላችሁ። ምስሉን ማተለቅ ከፈለጋችሁ ካርቶኑን ከፍ አድርጉ እንጂ ቀዳዳውን አታስፉ።
4. ብዙ ልጆች ካሉ የፓስታ ማጥለያ ያዙ። እያንዳንዱ ቀዳዳ አንድ ፀሐይ ይጥላል። ከዛፍ ሥርም ተመልከቱ፤ በቅጠሎቹ መካከል የሚያልፈው ብርሃን ጨረቃ መሳይ ቅርጽ ይይዛል።

ካልሠራ፦ ምስሉ ክብ ሆኖ ከቀረ ቀዳዳው ሰፍቷል፤ ሌላ ቦታ በቀጭኑ ብሱ። ምስል ጨርሶ ከጠፋ ደመና መጥቷል። ስስ ደመና ቢሆንም ቀና ብላችሁ አትዩ፤ ጥቂት ጠብቁ። ሐምሌ የዝናባችን ዋና ወር ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ሊሸፍን ይችላል። ለዚያ ቀን ደረጃ 7ን በቤት ውስጥ በባትሪ ለመሥራት ተዘጋጅታችሁ ውጡ።

ደመና የማያሰጋው ቀጠሮ ከፈለጋችሁ ታኅሣሥ 22 ቀን 2021 ዓ.ም. ላይ ምልክት አድርጉ። ሙሉ የጨረቃ ግርዶሽ ነው። ጨረቃ ፀሐይ ስትጠልቅ ከምሥራቅ ትንሽ ወደ ሰሜን ባለው በኩል ትወጣለች፤ ስትወጣ መነከስ ጀምራለች። ከምሽቱ 1 ሰዓት ከሩብ ገደማ እስከ 2 ሰዓት ተኩል ገደማ ሙሉ በሙሉ ጥላ ውስጥ ትሆናለች። የምትቀላው በምድር አየር ውስጥ ታጥፎ የሚደርሳት ቀይ ብርሃን ስለሆነ ነው። ለዓይን መከላከያ አያስፈልግም። ምሥራቁ ገልጠጥ ያለ ቦታ ምረጡ፤ ቤዛዊት ኮረብታ ወይም የዘጌ ምሥራቃዊ ዳርቻ ይሆናል። ልጆቹን ከ12 ሰዓት በፊት ሰብስቡ፣ ሹራብ አስይዟቸው። ሎሚዋንና ሽንብራዋንም ይዛችሁ ሂዱ፤ ጥላው ከየትኛው ጎን እንደገባ በእነሱ እያሳያችሁ ተከታተሉ።